ግሪክኛ ጀምራችሁ ሁለተኛው ዓመት ላይ ለቆማችሁ

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። ቋንቋ ስለ መማር በጋዜጣችሁ የሚወጣውን አንድም ሳይቀር አነባለሁ። ስለ እንግሊዝኛ፣ ስለ ዐረብኛ፣ ስለ ቻይንኛ ብዙ ተብሏል። ዛሬ የምጽፍላችሁ ብዙ ሰው ስለማያነሣው ቋንቋ ነው፤ ስለ ጥንታዊው ግሪክኛ። ደግሞ ስለ መጀመሩ አይደለም። ፊደሉ በሳምንት ይለያል፣ የመጀመሪያው የሰዋስው መጽሐፍ በዓመት ያልቃል። የምጽፈው ከዚያ በኋላ ስለሚመጣው ጭንቅ ነው። ብዙ ሰው የሚቀረው እዚያ ላይ ነውና።

አዲስ አበባ ነው የምኖረው። ቀን ቀን መድኃኒት ቤት እሠራለሁ። ከስድስት ዓመት በፊት በአንድ የማታ ኮርስ ተመዝግቤ ግሪክኛ ጀመርኩ። አሥራ አራት ተማሪዎች ነበርን። ስምንት ወር ሙሉ ሠንጠረዥ በቃላችን ያዝን፤ የስሙን እርባታ፣ የግሡን እርባታ፣ የአንዱን ግሥ ስድስት ዋና ዋና መልኮች። ፈተናውን በጥሩ ውጤት አለፍን። በመጨረሻው ቀን «እንግዲህ ከአሁን በኋላ ራሳችሁ አንብቡ» ተባልንና ተሸኘን። ምን እንደምናነብ የነገረን የለም። እንዴት እንደምናነብም የነገረን የለም። በዓመቱ አብረውኝ ለተማሩት ደወልኩላቸው፤ ከእኔና ከአንዲት ጓደኛዬ በቀር መጽሐፉን የከፈተ አልነበረም። እነዚያ ልጆች ሰነፎች አልነበሩም። ይህ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

እኔም ለመተው ትንሽ ነበር የቀረኝ። መጀመሪያ የከፈትኩት የጥንቱን ግሪካዊ ጸሐፊ የዜኖፎንን አናባሲስ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ401 ታናሹ ቂሮስ ወንድሙን አርጤክስስን ከፋርስ ዙፋን ለማውረድ ሲነሣ አብረውት ስለ ዘመቱ ወደ 10,000 የሚሆኑ የግሪክ ቅጥር ወታደሮች የሚተርክ መጽሐፍ ነው። ለጀማሪ የሚሆን እሱ ነው ይባላል። እውነትም የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ወለል ያለ ነው። ዳርዮስና ፓሪሳቲስ ሁለት ልጆች ይወልዳሉ፣ ታላቁ አርጤክስስ፣ ታናሹ ቂሮስ። ደስ አለኝ። ቀጠልኩ። ዳርዮስ ታምሞ ሞቱ የቀረበ መስሎት ሁለቱም ልጆቹ አጠገቡ እንዲሆኑ ይፈልጋል። እዚህ ላይ «ሁለቱን ልጆች» የሚለው ነጠላም አይደለም፣ ብዙም አይደለም። ግሪክኛ ለሁለት ብቻ የሚሆን ሌላ መልክ አለው፤ ኮርሱ ላይ «አልፎ አልፎ ነው የሚያጋጥማችሁ» ተብሎ የታለፈ ነገር። እዚያው ሁለተኛው ዐረፍተ ነገር ላይ አጋጠመኝ።

አንድ ገጽ አራት ምሽት ፈጀብኝ። ቃል አወጣለሁ፣ በእርሳስ ከመስመሩ በላይ ትርጉሙን እጽፋለሁ፣ ሌላ ቃል አወጣለሁ። ገጹ መጨረሻ ስደርስ መጀመሪያው ጠፍቶኛል። የእርሳሱን ጽሑፍ በላጲስ አጥፍቼ ስመለስ ከገጹ ግማሹን አላውቀውም። ለካስ እስከዚያ ድረስ አንድ መስመር ግሪክኛ አላነበብኩም፤ ያነበብኩት የራሴን የእርሳስ ጽሑፍ ነው።

ከዚህ ያወጡኝ አያቴ ናቸው፣ ነፍሳቸውን ይማር። ግሪክኛ አያውቁም ነበር። ጎጃም ውስጥ የገጠር ደብር መሪጌታ ነበሩ፤ ልጅ ሆኜ ክረምት ክረምት እሳቸው ጋ እላክ ነበር፣ ንባብ ያስቆጠሩኝም እሳቸው ናቸው። የቆሎ ትምህርት ቤት ደጃፍ የረገጠ ሰው የምለውን ያውቃል። አንዱ ምዕራፍ ሦስት ጊዜ ነው የሚነበበው። መጀመሪያ በግእዝ ንባብ፣ እያንዳንዱ ፊደል በዜማ እየተጎተተ። ከዚያ ውርድ ንባብ፣ ፊደሉ ተያይዞ ቃል ሲሆን። ከዚያ ቁም ንባብ። ቁም ንባብ ላይ የየቃሉ ድምፅ እንደ ሥርዐቱ ይወጣል፤ ተነሹ ይነሣል፣ ወዳቂው ይወድቃል፣ ተጣዩ ይጣላል፣ ሰያፉ ይሰየፋል፤ አንዱን አጣምመህ ካነበብክ መምህሩ ካሉበት ሆነው ያርሙሃል፣ መጽሐፉን ማየት እንኳ አያስፈልጋቸውም። ገጹን ሦስቴ ሳታልፍበት ወደሚቀጥለው አትሻገርም። «ያልገባኝ ቃል አለ» ብትል «ይደርሳል» ነው መልሱ። መጀመሪያ አፍ ይፈታል፣ ዓይን ይለምዳል፤ ምሥጢሩ በኋላ ይመጣል።

አንድ ቀን ይህን ሳስታውስ ሌላ ነገር ትዝ አለኝ። ከአቡጊዳ ቀጥሎ ለልጅ የሚሰጠው ፊደለ ሐዋርያ ነው፣ ማለትም የዮሐንስ የመጀመሪያው መልእክት። ከዚያ የዮሐንስ ወንጌል፣ ከዚያ ዳዊት። የአዲስ ኪዳንን ግሪክኛ የሚያስተምሩ የሌላ አገር መምህራንም ለጀማሪ ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚሰጡት ያንኑ መልእክትና ያንኑ ወንጌል ነው! ምክንያቱ ግልጽ ነው። ዮሐንስ በጥቂት ቃል ብዙ ይናገራል። ወንጌሉ በሙሉ የተጻፈው 1,000 በሚያህሉ የተለያዩ ቃላት ነው፤ ብርሃን፣ ጨለማ፣ ሕይወት፣ እውነት፣ ያው ይመላለሳል። የእኛ ሊቃውንት ይህን ቅደም ተከተል ያበጁት ለግእዝ ንባብ ነው፤ ለግሪክኛም ልክ ሆኖ ተገኘ።

ዜኖፎንን ዘግቼ ፊደለ ሐዋርያን በግሪክኛ ከፈትኩ። አምስት ምዕራፍ፣ 105 ቁጥር ነው። በቀን አሥር ቁጥር ያዝኩ። የመጀመሪያው ቀን ቃል በቃል፤ ይህ ግሥ ከየት መጣ፣ ይህ ስም ለምን እንዲህ አለቀ። በማግስቱ ያንኑ አሥር ቁጥር ሐረግ በሐረግ፣ ድምፅ አውጥቼ። በሦስተኛው ቀን ያንኑ አሥር ቁጥር ከዳር እስከ ዳር፣ መዝገበ ቃላቱ ሌላ ክፍል ተቀምጦ፣ ሳልቆም። ባይገባኝም ሳልቆም። በሦስተኛው ቀን የሆነውን ነገር እንዴት እንደምነግራችሁ አላውቅም። ዐረፍተ ነገሩ ወደ አማርኛ ሳይዞር ገባኝ። በመካከል የሚተረጉም ሰው አልነበረም።

ስለ ቃላትም ልንገራችሁ፣ ብዙ ሰው የሚፈራው እሱን ነውና። የግሪክኛው አዲስ ኪዳን ወደ 138,000 ቃል ርዝመት አለው። የተለያዩት ቃላት ግን 5,400 ገደማ ናቸው። ከእነዚያ ውስጥ ሃምሳ ጊዜና ከዚያ በላይ የሚመጡት 310 ያህል ብቻ ሲሆኑ፣ ከጽሑፉ 80 በመቶ የሚሆነውን የሚሸፍኑት እነሱ ናቸው። ለነዚያ 310 ቃላት ሁለት ወር መስጠት አያስቆጭም። ቀሪውን በካርድ እየጻፉ መሸምደድ ግን እኔን አልጠቀመኝም። አንድ ቃል ሦስት የተለያየ ቦታ ስታገኘው ራሱ ይያዛል።

አሁን ዋናው ጉዳዬ ላይ ልምጣ። የግሪክኛ መማሪያ መጻሕፍት የሚጻፉት ለእንግሊዝኛ፣ ለጀርመንኛ፣ ለፈረንሳይኛ ተናጋሪ ነው። ስለዚህ ለእነሱ የሚከብደውን ከባድ ነው ይሉናል፤ እኛም አምነን እንፈራለን። አማርኛ ግን ግሪክኛ ለሚያነብ ሰው ትልቅ ስንቅ ነው። ይህን የነገረኝ አልነበረም፣ ስደርስበት ደግሞ ለሰው ሁሉ መንገር አማረኝ።

ምሳሌ ልስጥ። የእንግሊዝኛዎቹ መጻሕፍት የሚያማርሩበት አንድ የግሪክኛ የግሥ መልክ አለ። ሉቃስ ምዕራፍ 7 ላይ «ኤይሴልቶን ኤይስ ቶን ኦይኮን ቱ ፋሪሳዩ ካቴክሊቴ» ይላል። ይህን ለማስረዳት አንድ ሙሉ ምዕራፍ ይወስድባቸዋል። በአማርኛ ምንድን ነው? «ወደ ፈሪሳዊው ቤት ገብቶ በማዕድ ተቀመጠ»። ገብቶ! በቃ። ቅኔ ቤት ቦዝ አንቀጽ የሚሉት ነው። ልጆቻችን አፍ ሲፈቱ ጀምሮ «በልቶ ተኛ»፣ «ወድቆ ተነሣ» ይላሉ። እርግጥ ልዩነት አለ። የግሪክኛው እንደ ቅጽል በጾታ፣ በቁጥርና በሙያ (በዐረፍተ ነገሩ ውስጥ ባለው ሥራ) ይረባል፣ ደግሞ ገና ያላለቀ ድርጊት የሚናገር ወንድምም አለው፤ ያኛው የእኛ «እየሄደ»፣ «እያለቀሰ» ነው። ነገር ግን ድርጊትን በድርጊት ላይ እየደረደሩ መጨረሻ ላይ ዋናውን ግሥ ማሳረፍ፣ ያ የአማርኛ የዕለት እንጀራ ነው። ተነሥቶ፣ ፊቱን ታጥቦ፣ ቁርሱን በልቶ፣ በሩን ቆልፎ ወጣ። ግሪካውያኑ ደራስያን እንዲህ ሲጽፉ እንግሊዛዊው አንባቢ ትንፋሹ ያጥረዋል። የእኛ ጆሮ ግን ግሡን እስከ መጨረሻ መጠበቅ ለምዷል።

ሌላ ልጨምር። ግሪክኛ አድራጊም ተደራጊም ያልሆነ መካከለኛ የግሥ መልክ አለው ይሉና ተማሪውን ያስጨንቁታል። «ሉኦ» አጥባለሁ ነው። «ሉኦማይ» ደግሞ እታጠባለሁ። አያችሁ? «ይታጠባል» ስንል ሰውዬው ራሱን ይታጠብ ሌላ ሰው ይጠበው ከአነጋገሩ ነው የምንለየው። የግሪክኛውም የአሁን ጊዜ እንዲሁ ነው፤ ለሁለቱም አንድ መልክ።

ፊደለ ሐዋርያ ራሱ ሲጀምር «ሆ አኬኮአሜን፣ ሆ ሄኦራካሜን» ይላል፤ የሰማነውን፣ ያየነውን። ቀጥሎ «ኤቴአሳሜታ» ይልና የግሡን ጊዜ ይለውጣል። ለምን? የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ «ሰምተናል፣ አይተናል» ናቸው፤ መስማቱ አልፏል፣ የተሰማው ግን ዛሬም ከእኛ ጋር ነው። ሦስተኛው «ተመለከትን» ነው፤ አንድ ጊዜ ሆነ፣ አለቀ። በ«ሰማን»ና በ«ሰምተናል» መካከል ያለውን ልዩነት ለአማርኛ ተናጋሪ ማስረዳት ያስፈልጋል? የሁለቱ ቋንቋ አጠቃቀም ሁልጊዜ አይገጥምም፣ ግን በሩ ይኸው ተከፍቷል።

ትንንሾቹ ቃላትስ! ሜን፣ ዴ፣ ጋር፣ ኡን፣ ጌ። ኮርሱ ላይ እነዚህን «አትተርጉሟቸው፣ እለፏቸው» ነበር የተባልነው። ይህን ምክር የሰጡን ሰዎች በጣም ጎድተውናል። ቅኔ ቤት አገባብ፣ ማለትም የእንዲህ ያሉ ትንንሽ ቃላት አጠቃቀም፣ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው፤ ግሥና እርባ ቅምር ያወቀ ተማሪ አገባብ ካልተማረ አዋቂ አይባልም። እኛ በአማርኛ «እሱ መጣ» ብቻ አንልም። «እሱማ መጣ»፣ «እሱ እኮ መጣ»፣ «እሱስ መጣ»፣ እያንዳንዱ ሌላ ነገር ነው። አንዱ ቅሬታ አለበት፣ አንዱ ማሳሰብ፣ አንዱ ንጽጽር። የግሪክኛዎቹም ሥራቸው ይኸው ነው። ያቺን የዜኖፎንን የመጀመሪያ ዐረፍተ ነገር ተመልሼ ሳነባት «ታላቁ ሜን አርጤክስስ፣ ታናሹ ዴ ቂሮስ» ትላለች። ታላቁማ አርጤክስስ፣ ታናሹ ግን ቂሮስ። የሁለቱ ወንድማማቾች ጠብ በእነዚያ ሁለት ትንንሽ ቃላት ውስጥ ከወዲሁ ተቀምጧል። ዘልያቸው ቢሆን ኖሮ የሚቀረኝ የስም ዝርዝር ብቻ ነው።

ከዮሐንስ በኋላ ወዴት? እኔ የሄድኩበትን ልንገራችሁ። ወደ አክሱም ነው የሄድኩት።

የንጉሥ ኢዛና ድንጋይ በሦስት ዓይነት ጽሑፍ መቀረጹን ትምህርት ቤት ተምረናል፤ በግእዝ፣ በሳባና በግሪክኛ። ግሪክኛው ምን እንደሚል ግን ስንቶቻችን እናውቃለን? አራተኛው መቶ ዓመት ላይ የተቀረጸ፣ ሁለተኛ ዓመት ላይ ላለ ተማሪ ልክ የሆነ ጽሑፍ ነው። በማዕረግ ዝርዝር ይጀምራል፤ የአክሱማውያን፣ የሕምያራውያን፣ የሳባውያን ንጉሥ እያለ ይቀጥልና «ባሲሌውስ ባሲሌኦን» ይላል፣ ንጉሠ ነገሥት። በግእዙ የአክሱማውያን የጦር አምላክ የማሕረም ልጅ የተባለው ንጉሥ በግሪክኛው የማይሸነፈው አምላክ የአሬስ፣ የግሪኮቹ የጦር አምላክ ልጅ ተብሏል፤ ጸሐፊው አምላኩንም ጭምር ለግሪክኛ አንባቢ ተርጉሞለታል። ከዚያ ታሪኩ ይጀምራል። «አታክቴሳንቶን ካታ ካይሮን ቱ ኤትኑስ ቶን ቡጋኤይቶን አፔስቴይላሜን…» የቡጋ (የቤጃ) ሕዝብ ዐምፀው፣ እንዲወጓቸው ወንድሞቻችንን ሳይአዛናንና አደፋስን ላክን።

እዚህ ዐረፍተ ነገር ላይ ሁለት ቀን ቆየሁ፤ ደስ እያለኝ። የመጀመሪያው ክፍል ባለቤቱ ከዋናው ግሥ ባለቤት የተለየ ነው፤ ያመፁት እነሱ፣ የላክነው እኛ። ሰዋስው መጻሕፍት ለዚህ አነጋገር ለብቻው ርእስ ሰጥተውታል፣ ተማሪም ይፈራዋል። እኛ ግን «መሽቶ ደረስን»፣ «ዝናብ ዘንቦ ተመለስን» እንላለን። ደግሞ ተመልከቱ፤ «ሕዝብ» የሚለው ስም ነጠላ ነው፣ «ዐምፀው» የሚለው ግን የብዙ ነው። የግሪክኛ መምህር ተማሪ እንዲህ ቢጽፍበት በቀይ ያሰምርበታል። የአክሱም ጸሐፊ ግን ጽፎታል፣ ግሪካውያኑም አልፎ አልፎ ይሉታል። «ሕዝቡ መጡ» የሚል ሰው ደግሞ ዛሬም ሰፈራችን ውስጥ አለ።

የአክሱም ሳንቲሞችም አሉ። ትንንሽ የመዳብ ሳንቲሞች ላይ «ቱቶ አሬሴ ቴ ኮራ» የሚል ተጽፏል። አራት ቃል። ይህ ሀገሩን ደስ ያሰኝ። «ያሰኝ» የሚለውን ልብ በሉ፤ ያሰኛል አላለም። ቅኔ ቤት ዘንድና ትእዛዝ አንቀጽ ብለን የምንለየውን ግሪክኛውም በግሡ መጨረሻ ይለየዋል። በእጅ መዳፍ የምትያዝ ሳንቲም ላይ አንድ ሙሉ የሰዋስው ትምህርት አለ። የግእዝ ቁጥሮቻችንም መነሻቸው የግሪክኛ ፊደላት ናቸው፤ ፩ አልፋ ነው፣ ፪ ቤታ፣ ፫ ጋማ፣ ፲ ዮታ። ስለዚህ ፊደሉን ሙሉ በሙሉ እንግዳ ነው ማለት አይቻልም።

ከድንጋዩ በኋላ የሰባው ሊቃናት ትርጉም፣ ማለትም የብሉይ ኪዳን ጥንታዊው የግሪክኛ ትርጉም ይመጣል፤ ሩት፣ ዮናስ፣ ኦሪት ዘፍጥረት። ታሪኩን ስለምናውቀው ዓይናችን ይሮጣል። መጽሐፈ ሄኖክንም አትርሱ። ሙሉው ያለው በግእዝ ብቻ ነው። በግሪክኛ ግን የመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች፣ እስከ 32 ድረስ፣ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ግብፅ አክሚም ውስጥ ከመቃብር ተገኝተዋል። ግእዙን በግራ፣ ግሪክኛውን በቀኝ አድርጋችሁ አንብቡት። «ሎጎስ ኤውሎጊያስ ሄኖክ»፣ «ቃለ በረከት ዘሄኖክ»። ቃል ከቃል ጋር ትከሻ ለትከሻ ይሄዳል። ቀጥሎ ግሪክኛው «ምርጦችን ጻድቃንን» ሲል ግእዙ «ኅሩያነ ወጻድቃነ» ብሎ አንዲት «ወ» ይጨምራል። ያቺን «ወ» ሳያት ተርጓሚው ጠረጴዛው ላይ አጎንብሶ የታየኝ ያህል ነበር።

ለእንዲህ ያለው ንባብ ግእዝ የተማረ ሰው ከማንም ይቀድማል። ስለዚህ ዲያቆናትና የቅኔ ተማሪዎች ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ ይበልጥ ለእናንተ ነው።

ነገር ግን እዚያም አትቅሩ። ቤተ ክርስቲያን የሚያድግ ሰው ብዙውን ጊዜ የቅዱስ መጽሐፉን ግሪክኛ ይዞ ይቀመጣል፤ ፍልስፍና የሚወድ ደግሞ እሱን ንቆ በቀጥታ ወደ ፕላቶ ይዘላል። ሁለቱም ይጎዳሉ ባይ ነኝ። በቀላሉ ቋንቋ ሁለት ሦስት መቶ ገጽ ያነበበ ሰው ወደ ዜኖፎን ሲመለስ ሌላ ሰው ነው። እኔ በሦስተኛው ዓመት ተመለስኩ። «ከዚያ ይህን ያህል የጉዞ ማረፊያ፣ ይህን ያህል ፓራሳንግ ይጓዛል» የሚለው ድግግሞሽ (ፓራሳንግ የፋርሶች የርቀት መለኪያ ነው) በፊት ያሰለቸኝ ነበር፤ አሁን ማረፊያ ሆነልኝ፣ የማውቀው ሐረግ ነዋ! ቀጥሎ የአቴናው ንግግር ጸሐፊ ሊስያስ ለፍርድ ቤት የጻፈውን ንግግር አነበብኩ፤ ሚስቱን ከሌላ ጋር ይዞ ሰውየውን የገደለ ባል ነው ቆሞ የሚናገረው። ሰውየው ተራ ሰው ነው፣ አነጋገሩም የተራ ሰው ነው፤ የቤቱን ፎቅና ምድር ቤት፣ የሕፃኑን ለቅሶ፣ ሌሊት ሲጢጥ ያለውን በር ይነግራችኋል። ከፕላቶ በፊት ይህን አስቀድሙ። ፕላቶን ስትጀምሩ ደግሞ በክሪቶን ጀምሩ፤ አጭር ነው፣ ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው የሚነጋገሩት።

የታሪክ ጸሐፊው ሄሮዶቱስ ሌላ ቀበልኛ ነው የሚናገረው፣ አዮንያዊውን። ጎንደሬ ወሎ ሲሄድ እንደሚሆነው ነው፤ ሁለት ሳምንት ጆሮ ይገረማል፣ ከዚያ ይለምዳል። ሦስተኛው መጽሐፉ ላይ የፋርሱ ንጉሥ ካምቢሴስ ወደ ኢትዮጵያውያን ሰላዮች ይልካል፤ የዚያ አገር ንጉሥ ሰላይነታቸውን ያውቅና ትልቅ ቀስት ይሰጣቸዋል፤ ፋርሶች ይህን የሚያህል ቀስት እንዲህ በቀላሉ መሳብ ሲችሉ ያን ጊዜ ይምጡብን ብሎ። ይህን በራሱ ቋንቋ ማንበብ ምን እንደሚመስል ንገሪን ያሉኝ ጓደኞቼ ነበሩ፤ አነበብኩላቸው። ሆሜርን ገና እየዳሰስኩ ስለሆነ ብዙ አልልም። ግጥሙ ኦዲሴያ ሲጀምር፣ 22ኛው መስመር ላይ፣ የባሕሩ አምላክ ፖሴይዶን ወደ ኢትዮጵያውያን ሄዶ ነው የምናገኘው።

ስለ መሣሪያም አንድ ሁለት ነገር። ዛሬ በስልክ አንድ ቃል ሲነካ ትርጉሙና እርባታው ዱብ ይላል። በ1843 መጀመሪያ የታተመው የሊድልና የስኮት ትልቁ የግሪክኛ መዝገበ ቃላት እንኳ በነፃ ይገኛል። ድሮ ሰው ለዚህ ንብረት ይሸጥ ነበር። ግን ቃሉን ሁሉ በነካችሁ ቁጥር ዓይናችሁ ማስታወስ ያቆማል። እኔ ለራሴ ያወጣሁት ሕግ አንቀጹ ሳያልቅ አለመንካት ነው። ያላወቅሁትን በነጥብ ምልክት አድርጌ አልፋለሁ፤ ግማሹ ከታች ራሱ ይገለጣል። በግራ ግሪክኛ በቀኝ እንግሊዝኛ ሆነው የሚታተሙት የሎብ አረንጓዴ መጻሕፍትም ጥሩ ናቸው። ሆኖም ዓይን ወደ ቀላሉ ይሸሻልና የቀኙን ገጽ በወረቀት ሸፍኑት።

ድምፅ አውጡ። ይህን ደግሜ እላለሁ። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ላይ ፊልጶስ ወደ ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ ሠረገላ ሲሮጥ ኢሳይያስን ሲያነብ ሰማው ይላል። የሰማው ጮክ ብሎ ስለሚያነብ ነው። ፊልጶስ የጠየቀው ጥያቄ በአማርኛ የማይታይ ውበት አለው፤ «ጊኖስኬይስ ሃ አናጊኖስኬይስ?» የምታነበውን ታውቀዋለህን? ማወቅና ማንበብ በግሪክኛ ከአንድ ሥር የወጡ ናቸው፤ ማንበብ እንደገና ማወቅ ነው። ጃንደረባውም ሲመልስ «ፖስ ጋር አን ዱናይሜን» ይላል፣ የሚመራኝ ሳይኖር እንዴት ብዬ እችላለሁ? «ዱናይሜን» ጃንደረባው የመረጠው የግሥ መልክ ነው፤ «እችል ይሆን» እንደማለት፤ በጥንቱ በአቴና ግሪክኛ የነበረ፣ በአዲስ ኪዳን ዘመን ከሰው አፍ እየጠፋ የነበረ፣ አዲስ ኪዳን በሙሉ 70 ጊዜ እንኳ የማይሞላ። ሉቃስ ይህን የተማረ ሰው አነጋገር በኢትዮጵያዊው አፍ ውስጥ አኖረው። ኮርሱ ላይ «ብዙም አያስፈልጋችሁም» ተብሎ የተዘለለው መልክ ይህ ነበር።

ክቡር አዘጋጅ፣ ጥያቄዬ ይህ ነው። ግሪክኛ የሚያስተምሩ ሰዎች ይህን ካነበቡ ከኮርሳቸው መጨረሻ ሦስት ወር ለንባብ ብቻ ይተዉ፤ ሠንጠረዥ የሌለበት፣ አንድ መጽሐፍ አብሮ እያነበቡ የሚጨረስበት። በአማርኛ የተብራራ የግሪክኛ ማንበቢያም ያስፈልገናል። ቦዙን በቦዝ፣ አገባቡን በአገባብ የሚያስረዳ፣ ከፊደለ ሐዋርያ ጀምሮ በኢዛና ድንጋይ በኩል አልፎ ወደ ዜኖፎን የሚያደርስ። ግእዝም ግሪክኛም የሚያውቁ ሊቃውንት በዚህ አገር ጠፍተው አይደለም። እኔና ጓደኛዬ የመጀመሪያዎቹን ሠላሳ ገጾች በእጅ ጽፈን ይዘናል፤ የሚያርምልን ሰው ብናገኝ በደስታ እንሰጣለን።

አሁን አራት ሆነናል። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት ጓደኛዬ ቤት ቡና ተፈልቶ አናባሲስ ይነበባል፤ አንዱ ያነባል፣ ሦስቱ ይሰማሉ፣ ከዚያ ይዞራል። አራተኛው መጽሐፍ ላይ ደርሰናል። ወታደሮቹ በረዶውን አልፈው ወደ ተራራው እየወጡ ናቸው፤ ከፊት ያሉት አናቱ ላይ ሲደርሱ ምን ብለው እንደሚጮኹ ሁላችንም ከሰው ሰምተናል። እስከዚያ ሁለት ገጽ ቀርቶናል። ማናችንም ቀድመን ላናይ ተስማምተናል፤ የፊታችን ቅዳሜ የማንበብ ተራው የእኔ ነው።

አክባሪያችሁ፣
አንዲት አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ